የልጅ ልጄ ፕሮግራምና የጤና ጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተር

በዚህ አምድ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ፣ ስለ ደም ግፊት ኪኒን፣ ስለ ክትባት ካርድ ስናወጋ ኖረን ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ላወራ ስነሳ “ሲስተር ደግሞ ምን ነካት?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቴርሞሜትርና መርፌ ይዤ ነው የኖርኩት። ነገር ግን ሰሞኑን በቤታችን የተጀመረ የኮምፒውተር ጣጣ ዞሮ ዞሮ አንድ ሕፃን ላይ ሊያርፍ ሲል በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ደግሞስ ዛሬ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሌለበት ቤት ስንት ነው? ላፕቶፑን የምንገዛላቸውም እኛው ነን።

የትልቋ ልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ደርሷል። ለመመረቂያ ምን ልሥራ ብሎ ሲብሰለሰል ሐሳቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድሮ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲመጣ ክብደቱና ቁመቱ ይለካል። ከዚያ ነርሷ በሰንጠረዥ ላይ ጣቷን እየጎተተች፣ ለዚህ ቁመት ይህ ክብደት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ትፈልጋለች። ሰው በበዛበት ቀን መስመር ይሳታል። እኔም ስቼ አውቃለሁ። “ቁጥሩን ስታስገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ቢነግራትስ?” አልኩት። ወደደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 (እ.ኤ.አ) ያወጣውን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ሰንጠረዥ ይዞ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው። የጤና ጣቢያውን አሮጌ ዴስክቶፕም ቫይረስ ጨርሶት ስለነበር ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ራሱ ጫነበት። በላፕቶፑ ላይ ያለውም ያው ኡቡንቱ ነው።

ታዲያ አንድ እሁድ ቡና እያፈላሁ ሳለ ፊቱን አጨማዶ ገባ።

“ምን ሆንክ?” አልኩት።

“እማማ፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ጥይት የሚሄደው ፕሮግራም እዚያ አልነሳ አለ። አንድ መስመር ጽፎ ይሞታል።”

“ምን ብሎ ነው የሚሞተው?”

“ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።”

ኢሊጋል የምትለዋን ስሰማ ደነገጥኩ። “ምን ሕገወጥ ነገር አስገባህ አንተ ልጅ?” ስለው መኮሳተሩን ትቶ ሳቀ። ለካስ ነገሩ ከሕግ ጋር አይገናኝም። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ “እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም” ሲል የሚሰጠው መልስ ነው።

ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ነገሩን አስረዳኝ። እኔም በገባኝ መንገድ ላስረዳችሁ።

ወጣት ነርስ ሳለሁ ቋንቋውን በማላውቀው ገጠር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት አስተርጓሚዎች ነበሩኝ። አንደኛው እናቲቱ ያለችውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይነግረኛል። ከላሟ መታመም ጀምራ፣ አማቷ ያሏትን ጨምራ፣ በመጨረሻ ወደ ልጁ ስትመጣ ሩብ ሰዓት አልፏል። ሁለተኛው እሷን በጥሞና ሰምቶ ወደ እኔ ዞር ይልና “ሦስት ቀን ተቅማጥ፣ ዛሬ ትውከት ጨምሯል” ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ሰልፉ ቶሎ ያልቃል። ሁለቱም ታማኞች ነበሩ፤ ልዩነቱ አንዱ እንዳለ ማስተላለፉ፣ አንዱ አሳጥሮና አስተካክሎ ማስተላለፉ ነው።

ኮምፓይለር የሚባለው ነገርም አስተርጓሚ ነው። ልጆቻችን የሚጽፉት ኮድ ሰው በሚያነበው ፊደል የተጻፈ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን የሚሰማው የራሱን የቁጥር ትእዛዝ ብቻ ነው። በመካከል ቆሞ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ ነው። ሙያው አዲስ አይደለም። ግሬስ ሆፐር የተባለች አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ሥራዋን በ1952 አቀረበች። በ1957 ደግሞ የአይቢኤሙ ጆን ባከስና ጓደኞቹ የፎርትራንን ኮምፓይለር አወጡ። በዚያ ዘመን ባለሙያዎቹ “ማሽን የተረጎመው ሰው በእጁ ከጻፈው እኩል አይፈጥንም” ብለው ይጠራጠሩ ስለነበር የባከስ ቡድን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠመደው ፍጥነት ላይ ነበር። የልጅ ልጄ የሚጠቀመው ጂ-ሲ-ሲ የሚባለው ነፃ ኮምፓይለር ሲሆን በሪቻርድ ስቶልማን አማካይነት በ1987 የወጣ ነው።

ይህን አስተርጓሚ “እንዴት አድርገህ ተርጉም” ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ትእዛዙ “ኦ” የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደልና አጠገቧ ያለው ቁጥር ነው። ኦ-0 ማለት ምንም አትነካካ፣ እንዳለ ተርጉም ነው፤ ስህተት ለመፈለግ ይመቻል። ኦ-1 ትንሽ ያስተካክላል። ኦ-2 ለሕዝብ የሚሰጡ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት መካከለኛ መንገድ ነው። ኦ-3 ከዚያ ይገፋል፤ ኮዱን እየደጋገመና እየዘረጋ ያፈጥናል። ነገር ግን በጣም ሲዘረጋ ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ባለችው ትንሽ ማስታወሻ ውስጥ አልበቃ ይለውና ከኦ-2 የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። እኔ ይህን ስሰማ ወዲያው የመጣልኝ “ከፍ ያለ ዶዝ ቶሎ ያድናል” የሚሉት ቤተሰቦች ናቸው፤ ስንቱን ጨጓራ እንዳቃጠሉት።

ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ነው ጉድ ያመጣው። ማርች ይባላል። ወሩን መስሎኝ ነበር፤ እሱ “የማሽኑ አሠራር” ለማለት ነው። በዚህ ትእዛዝ ለኮምፓይለሩ “የምትተረጉምለት ፕሮሰሰር እንዲህ ያለው ነው፣ እሱ የሚያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ መጠቀም ትችላለህ” ይባላል። “ማርች ኔቲቭ” ከተባለ ደግሞ “አሁን ያለህበትን ማሽን እይና ያለውን ሁሉ ተጠቀም” ማለት ነው። ቲዩን የሚባል ለስላሳ ወንድምም አለው። እሱ ሥራው ለየትኛው ፕሮሰሰር ቅደም ተከተሉ እንደሚስማማ ማስተካከል ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን አዲስ ትእዛዝ አይጨምርም። ስለዚህ በቲዩን ብንሳሳት ፕሮግራሙ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል፤ በማርች ብንሳሳት ግን ጨርሶ ይሞታል።

የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። የጤና ጣቢያው ዴስክቶፕ ኮር ቱ ዱዎ። ኮር ቱ ዱዎ የወጣው በ2006 ሲሆን በጊዜው ጎበዝ ነበር። ነገር ግን ኢንቴል በ2013 ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ኤቪኤክስ2 የሚባሉ ትእዛዞች ተጨመሩ። በእነዚህ አንድ ትእዛዝ 8 ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ ይደምራል፣ ያባዛል። በአሮጌው ማሽን እንዲህ ያለ ቋንቋ የለም። ልጁ ከላፕቶፑ ላይ ሆኖ “ማርች ኔቲቭ” ሲል ኮምፓይለሩ በታማኝነት ላፕቶፑን አይቶ ለላፕቶፑ ሠራ። ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አሮጌው ማሽን የመጀመሪያዋን የማያውቃት ትእዛዝ ሲያገኝ ቆመ።

“ትእዛዙን ከየት አመጣኸው?” አልኩት።

“ኢንተርኔት ላይ። በጣም የሚያፈጥነው ይህ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር።”

የሌላ ሰው ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት መሄድ ነው አልኩት። አልተቀየመም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በ2020 ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ሊኑክስ የሚያዘጋጁት ሬድ ሃትና ሱሴ የተባሉት ኩባንያዎች ተመካክረው እነዚህን ፕሮሰሰሮች በአራት ደረጃ ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ኤኤምዲ በ2003 ካወጣው የመጀመሪያው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀው መነሻ ነው፤ ኮር ቱ ዱዎም እዚህ ነው የሚመደበው። ሁለተኛው ከመጀመሪያዎቹ ኮር አይ5ና አይ7 ጋር የመጣውን ይጨምራል። ሦስተኛው ኤቪኤክስ2ን ይዟል። አራተኛው ከዚያም ሰፋ ያለውን ኤቪኤክስ-512ን። ልጁ “ማርች ኔቲቭ” የሚለውን አውጥቶ “ማርች ኤክስ86-64” የሚለውን፣ ማለትም መነሻውን ደረጃ አስገባ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

እዚህ ላይ ለወላጆች የምትሆን ነገር ስላለች ከወሬዬ ልውጣ። ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ ነጋዴው “ኮር አይ ፋይቭ ነው” ይለንና ዋጋ ይቆርጣል። አይ ፋይቭ ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚነግረው። አይ5-2520 ከሆነ 2ኛ ጀነሬሽን ነው፤ አይ5-4300 ከሆነ 4ኛ፤ አይ5-8250 ከሆነ 8ኛ፤ አይ5-10210 ከሆነ 10ኛ። ከ4ኛው ጀምሮ ያሉት ኮር አይ3፣ አይ5ና አይ7 ኤቪኤክስ2 አላቸው፤ 2ኛውና 3ኛው የላቸውም። ደግሞ ፔንቲየምና ሴሌሮን የተባሉት ለብዙ ዓመታት ከኮሮቹ ጋር በአንድ ዘመን እየወጡ እነዚህ ትእዛዞች አልተሰጧቸውም። ስለዚህ “አዲስ ነው” ማለት “ሁሉን ያውቃል” ማለት አይደለም። የባሰውን ልንገራችሁ፤ የ11ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ኤቪኤክስ-512ን ያውቃል፣ ከእሱ በኋላ የወጣው 12ኛው ግን አያውቅም፤ ኢንቴል ራሱ ዘጋው። በ11ኛው ላይ “ኔቲቭ” ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በ12ኛው ላይ ሊሞት ይችላል። ታናሽ ወንድም ታላቁ የሚያውቀውን ቋንቋ ሳይማር የቀረበት ቤተሰብ በሉት።

ለምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ ሲስተም የሚያዘጋጁት ኩባንያዎች ራሳቸው መነሻቸውን ከፍ እያደረጉ ነው። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ከሁለተኛው ደረጃ ትእዛዞች የተወሰኑት በሌሉት ፕሮሰሰር ላይ ጭራሽ አይነሳም። ሬድ ሃት በ2022 ያወጣው 9ኛ እትም ሁለተኛውን ደረጃ፣ በ2025 ያወጣው 10ኛ እትም ሦስተኛውን ደረጃ ይጠይቃል። ኡቡንቱና ዴቢያን በመነሻው ደረጃ የተሠራውን እስካሁን ይሰጣሉ፤ ለዚህ ነው አሮጌው ዴስክቶፕ ነፍስ የዘራው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የአፕል ኤም1 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ላፕቶፕ ደግሞ ከእነዚህ ከሁሉም የተለየ የፕሮሰሰር ቤተሰብ ነው፤ በእሱ ላይ በተለመደው መንገድ የተሠራ ፕሮግራም ለእነዚህ ኮምፒውተሮች አይሆንም፣ ለእነሱ ተብሎ ለብቻው መሠራት አለበት። ልጃችሁ ኡቡንቱ ያለው ከሆነ ኤል-ኤስ-ሲፒዩ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ የፕሮሰሰሩን ስምና የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ዝርዝር ሊያሳያችሁ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ቢያሳያችሁ ደግሞ የተሻለ።

ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ።

በሳምንቱ አብሬው ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዳዲስ ልጆች ገብተዋል፤ የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት፤ ግን “ሲስተር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ” ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ፕሮግራሙ ተነሳ። ያች አሮጌ ማሽን ትንሽ ጉር ጉር ብላ የሕፃናቱን ዝርዝር አወጣች። የልጅ ልጄ ደረቱ ሁለት ጣት ከፍ አለ። ነርሷም የዕለቱን ሕፃናት ከመዝገቡ እያየች አስገባች፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ደህና፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያለ ይወጣል።

ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። የ14 ወር ሕፃን ነው። ክብደቱ ተጽፏል፣ የቁመቱ ቦታ ባዶ ነው። አጠገቡ “ደህና” ይላል።

“ይሄኛው ቁመቱ የታለ?” አልኳት።

“አልቅሶ ሰሌዳው ላይ አልተኛ አለኝ፤ በኋላ እለካዋለሁ ብዬ ነው” አለች።

ቁመት ከሌለ ክብደቱ ይበቃዋል አይበቃውም ማለት አይቻልም። ታዲያ ደህና ያለው ማነው? እናቱ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሳ ነው፤ ማያ ገጹ ላይ ልጇ ደህና እንደሆነ ተጽፏል። “ልጄ፣ እስቲ የክንድ መለኪያዋን አምጪልኝ” አልኳት። ልማድ ሆኖብኝ ራሴ ለካሁት። 12.1 ሴንቲ ሜትር፤ ቢጫው ላይ። ለማታውቁት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን የግራ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቢጫ ማለት መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው። እናቱ ጡት አጥብታ ስታረጋጋው ሰሌዳው ላይ ተኛልን፤ ቁመቱ ሲገባም ፕሮግራሙ ያንኑ መካከለኛ አለ። ክትትል ውስጥ ገባ።

የልጅ ልጄን እዚያ ሰው ፊት ምንም አላልኩትም። በታክሲ ስንመለስ እሱም ምንም አላለም። ነርስ ሆኜ ስሠራ የማውቀው ዝምታ ነው፤ ተሳስቶ ያወቀ ሰው ዝምታ።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ። “እማማ፣ አገኘሁት። ባዶ ከሆነ ‘እንደገና ይለካ’ በል ብዬ ጽፌ ነበር እኮ! ኮምፓይለሩ አውጥቶ ጣለው።”

“ለምን ይጥለዋል?”

“እኔው ስላዘዝኩት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢንተርኔት የገለበጣት መስመር ሦስት ትእዛዝ ነበራት፤ ኦ-3፣ ማርች ኔቲቭና ፋስት ማዝ የምትባል ሦስተኛ። ማርችን ሲያስተካክል ሁለቱን እንዳሉ ትቷቸዋል፤ በሽታው አንድ ብቻ መስሎታል። ፋስት ማዝ ማለት “በሒሳቡ ላይ ጥንቃቄውን ቀንስና አፍጥን” ነው። በውስጧ ካሉት ፈቃዶች አንዱ ደግሞ “ቁጥር ያልሆነ ነገር በጭራሽ አይመጣም ብለህ ገምት” የሚል ነው። ኮምፒውተሮች በ1985 በወጣ የጋራ ደንብ መሠረት ባዶ ወይም ትርጉም የሌለው ስሌት ሲያጋጥም “ቁጥር አይደለም” የምትባል ልዩ ምልክት ማስቀመጥ ይችላሉ። ልጁ ያልተለካውን ቁመት በዚች ምልክት ነበር የሚይዘው። ከዚያ “ቁጥር ካልሆነ እንደገና ይለካ” ብሎ ጻፈ። ኮምፓይለሩ ግን ቁጥር ያልሆነ አይመጣም ተብሎ ተነግሮታል፤ ስለዚህ ጥያቄዋ የማትጠቅም ሆና አገኛትና አነሳት። ቀሪው ስሌት ቀጠለ። ከዜሮ በታች ከ3 ይወርዳል? አይወርድም። ከዜሮ በታች ከ2 ይወርዳል? አይወርድም። ምክንያቱም ያች ምልክት ከማንም ቁጥር ጋር ስትወዳደር መልሱ ሁልጊዜ “አይደለም” ነው። እንግዲህ ከባድም ካልሆነ፣ መካከለኛም ካልሆነ፣ ደህና ነው ብሎ ጻፈ።

እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ አሳጥሮ የሚተረጉመው አስተርጓሚዬ ነው። “እዚህ አገር ‘አላውቅም’ የሚል ሰው የለም” ብዬ አስቀድሜ ብነግረው ኖሮ፣ እናቲቱ “መቼ እንደጀመረው አላውቅም” ስትል ቃሏን ዘሎ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ጥፋቱ የእሱ ነው ልል አልችልም።

“ግን አልሞከርከውም?” አልኩት።

“ሞክሬዋለሁ። ስጽፈው በኦ-0 ነበር፣ ባዶ ሳስገባለት ‘እንደገና ይለካ’ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ አፈጠንኩትና በባዶ ደግሜ አልሞከርኩትም።”

ይህችን ብዙ አሰብኩባት። ስህተቱን ያላየው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የፈተነው አንዱን፣ ለሰው የሰጠው ሌላውን ስለሆነ ነው። ኮዱ ያው ነው፣ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የኮምፓይለሩ ትእዛዝ ብቻ ነው። ለእኔ ግን ልዩነቱ አንድ መድኃኒት በጠብታና በሽሮፕ ሲመጣ እንዳለው ነው። ስሙ አንድ ሆኖ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን ይለያያል፤ የአንዱን ልክ ለሌላው የሰጠች ነርስ ምን እንደሚገጥማት እኛ እናውቃለን።

የሚያናድደኝ ደግሞ ፍጥነቱ ለምንም አለማስፈለጉ ነው። የአንድ ሺህ ሕፃናት የውሸት ዝርዝር አዘጋጅቶ በዚያው አሮጌ ማሽን ላይ በሁለቱም መንገድ አስኬደው። ሁለቱም ዓይኔን ሳልጨፍን አለቁ። ጤና ጣቢያው በቀን የሚያየው ሕፃን መቶ አይሞላም። ፍጥነት የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ የአየር ጠባይ ለሚተነብይ፣ ያን ሁሉ ፎቶ ለሚያገላብጥ ፕሮግራም ነው። እነሱም ቢሆኑ ለሕዝብ ሲሰጡ በግምት አይሄዱም፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ትርጉም በአንድ ላይ ይዘው ይመጡና ሲነሱ “ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ2 ያውቃል?” ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያውቅ ከሆነ ፈጣኑን፣ ካልሆነ መነሻውን ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ የቪዲዮ ማጫወቻዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ኔቲቭም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ አንድ ሰው ለራሱ ማሽን፣ እዚያው ለሚያስኬደው ሥራ ቢጠቀምበት ማንም አይጎዳም። ፋስት ማዝንም ጨዋታ የሚሠሩ ልጆች ይወዱታል አሉ፤ የጨዋታ መኪና አቅጣጫዋን በጥቂቱ ብትስት የሚሞት የለም።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ የወሰነው ይህ ነው። ኦ-2፤ ማርች በመነሻው ደረጃ፤ ቲዩን ለሁሉም በሚሆነው፤ ፋስት ማዝ ጭራሽ የለም። ኦ-ፋስት የምትባለውንም እንዳይነካት አስጠንቅቄዋለሁ፤ እሷ ፋስት ማዝን በሆዷ ይዛ የምትመጣ ናት፤ ይህንንም የነገረኝ ራሱ ነው። ከእኔ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ መዝገብ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ካልተለካ “አልተለካም” ተብሎ ይጻፋል። ፕሮግራሙም አሁን ቁመት ካልገባለት ወደ ስሌቱ ሳይደርስ “ተለክቷል ወይስ አልተለካም?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ለብቻው ይይዛል፤ ከዚያች ልዩ ምልክት ጋር ጉዳይ የለውም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ያንኑ ፋይል ደግሞ ሳይሄድ በፊት በባዶ፣ በተሳሳተና በትክክለኛ ቁጥር እየሞከረ ውጤቱን በደብተር ይጽፋል። ደብተሩን እኔ ነኝ የገዛሁለት።

መምህሩ “ለምን ኦ-3 አላደረግከውም?” ብለው ጠይቀውት ነበር። የሕፃኑን ነገር ነገራቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁትም አለኝ፤ ውጤቱ ገና አልወጣም።

ትናንት ነርሷ ደውላልኝ ነበር። ሕፃኑ ለክትትል ተመልሶ መጥቷል፤ ክብደት ጨምሯል። ስለ ፕሮግራሙ ስጠይቃት ቅሬታ አላት፤ ፊደሉ ደቃቃ ሆኖ ያለ መነጽር አይታይም ትላለች። ለልጁ ነግሬዋለሁ።